ቁስሉ የማይታይ ቀዶ ሕክምና

አባቶቻችን ስለ ፕሮስቴት ሲያወሩ «ፕሮስቴት» አይሉም። «ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ» ይላሉ፤ በጣም ሲብስ «ሽንት አስቸገረኝ»። ልጆች እውነቱን የሚሰሙት ሽንቱ ጭራሽ አልወርድ ብሎ ድንገተኛ ክፍል ሲገቡ ነው። በቶሮንቶ ለኢስት ዮርክና ለዳንፎርዝ ሐበሻ ቅርቡ ድንገተኛ ክፍል ኮክስዌል መንገድ ላይ ያለው ማይክል ጋሮን ሆስፒታል ነው። በ1929 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሲከፈት ስሙ ቶሮንቶ ኢስት ጄኔራል ነበር፤ የሰፈሩ ቆየት ያለ ሰው ዛሬም በዚሁ ይጠራዋል። እዚያው ተወልዶ በ13 ዓመቱ በካንሰር የሞተ ልጅ ወላጆች 50 ሚሊዮን ዶላር ስለሰጡ በ2015 በልጁ ስም ተሰየመ።

እዚህ የምናስተዋውቀው ግን ሆስፒታሉን ሳይሆን ያበጠ ፕሮስቴት ቀዶ ሕክምናንና ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት ነው። ሆስፒታል የሚታደረው አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ነው። የተረፈው ማገገም በሙሉ ቤት ውስጥ ነው፤ ችግሩም የሚመጣው እዚያ ነው።

የፕሮስቴት ዕጢ ከሽንት ፊኛ ሥር፣ የሽንት ቧንቧውን እንደ ቀለበት ከብቦ ይቀመጣል። በጎልማሳ ዕድሜ 20 ግራም ያህል ነው፤ ከኮክ ፍሬ ውስጥ ከሚወጣው ድንጋይ ብዙም አይበልጥም። ዕድሜ ሲገፋ ያድጋል። ይህ እብጠት 60 ዓመት ከሞላቸው ወንዶች ግማሽ ያህሉ፣ 85 ከደረሱት ደግሞ ከአሥሩ ዘጠኙ ላይ ይገኛል። ካንሰር አይደለም፣ ወደ ካንሰርም አይለወጥም። መጀመሪያ የሚሞከረው መድኃኒት ነው፤ ታምሱሎሲን ጡንቻውን ያላላል፣ ፊናስተራይድ ዕጢውን በወራት ውስጥ ያሳንሳል። ሽንት ሲዘጋ፣ ኢንፌክሽን ሲደጋገም፣ ፊኛ ውስጥ ጠጠር ሲፈጠር ወይም ኩላሊት መጎዳት ሲጀምር ነገሩ ወደ ቀዶ ሕክምና ይሄዳል። የኦንታሪዮ የጤና ካርድ ላለው ሰው ቀዶ ሕክምናው አይከፈልበትም።

አገር ቤት ብዙ ጊዜ የሚሠራው ሆድ ከእምብርት በታች ተከፍቶ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ስልክ ሲደውል መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስፌቱ ደረቀላቸው?» ብሎ ነው። እዚህ በብዛት የሚሠራው ቱርፕ የሚባለው ሲሆን ስፌት የለውም። ከወገብ በታች ይደነዝዛል፤ ካሜራና በኤሌክትሪክ የሚግል የሽቦ ቀለበት ያለው ቀጭን መሣሪያ በሽንት ቧንቧው ይገባል፤ ዕጢው ከውስጥ ወደ ውጭ እየተፋቀ ይወጣል። መሣሪያው አዲስ አይደለም፤ ማክሲሚሊያን ስተርን የመጀመሪያውን ያሳየው በ1926 ነው። አሁን በሌዘር የሚሠራውም ተጨምሯል። ዕጢውን እንደ ብርቱካን ብናየው፣ በሁሉም ዘዴ ሥጋው ወጥቶ ልጣጩ ይቀራል። ልጣጩን አትርሱት፤ እንመለስበታለን።

ሰውየው ከቀዶ ሕክምናው ሲወጣ የሚያገኘው ካቴተር የሚባለውን የሽንት ቱቦ ነው። ካቴተሩ ጫፉ ላይ የምትነፋ ትንሽ ፊኛ አለችው። አማርኛችን ለሁለቱም አንድ ቃል ስለሰጠ ነገሩ ያስቃል፦ በሽንት ፊኛ ውስጥ ሌላ ፊኛ ተነፍቶ ቱቦው እንዳይወጣ ይይዘዋል። ዘዴውን ያስፋፋው የሚኒሶታው ሐኪም ፍሬደሪክ ፎሊ ነው፤ በ1930ዎቹ። የፈጠራ መብቱን ግን ከእሱ ቀድሞ ያመለከተው የዳቮል ጎማ ኩባንያው ፖል ሬቺ ወሰደው። ፎሊ ክርክሩን ቢሸነፍም ዓለም ቱቦውን የሚጠራው በእሱ ስም ነው።

ከቱርፕ በኋላ የሚገባው ባለ ሦስት መንገድ ነው። አንዱ መንገድ ፊኛዋን ይነፋል፣ አንዱ እንደ ጉሉኮስ ከተሰቀለ ትልቅ ከረጢት የጨው ውኃ ያስገባል፣ ሦስተኛው የገባውን ውኃ ከሽንትና ከደም ጋር አልጋ ሥር ወዳለው ከረጢት ያወርዳል። ውኃው ያለማቋረጥ የሚፈሰው ደሙ ረግቶ ቱቦውን እንዳይዘጋ ነው። ነርሷ በገባች ቁጥር ጎንበስ ብላ የምታየው ያንን ከረጢት ነው፤ ቀለም እያነበበች ነው። በእኛ ቋንቋ እንዲህ ይሁን፦ ጠጅ የመሰለ ከሆነ ደህና ነው፤ ቀጠን ያለ ካርካዴ ከሆነም አያስደነግጥም፤ ጉደር ወይን ከመሰለ ግን የውኃው ፍጥነት ይጨመራል፣ ሐኪምም ይጠራል። ቤት ከገቡም በኋላ መለኪያው ይኸው ነው።

ቱቦው ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይቆያል። ፊኛዋ ተንፍሳ ሲወጣ ሕመሙ የአፍታ ነው፤ የሚከብደው የመጀመሪያው ሽንት ነው፣ ያቃጥላል። አንዳንዱ ፊኛው እስኪያርፍ ድረስ ከነቱቦው ወደ ቤት ይላካል፤ ትንሽ ከረጢት ታፋው ላይ ታስሮ ከሱሪው ሥር ስለሚገባ ቤተ ክርስቲያን ቢቆም እንኳ ማንም አያውቅበትም። ከረጢቱ ግን ምንጊዜም ከፊኛው ዝቅ ማለት አለበት፤ ሽንት ወደ ኋላ እንዳይመለስ።

አሁን ወደ ቤት እንግባ። የማውቃቸው አንድ ጋሼ በአሥራ አንደኛው ቀን የጤፍ ዱቄት ከረጢት ከምድር ቤት ሲያወጡ ተገኙ። «ጋሼ፣ እባክዎ ያስቀምጡት፣ ቀዶ ሕክምና ላይ ነበሩ እኮ!» ሲባሉ፣ «የታለ ቁስሉ?» አሉ፤ ሆዳቸውን ገልጠው እያሳዩ። በማግሥቱ ጠዋት ሽንታቸው ቀይ ወጣ። ቤቱ ተሸበረ።

የሆነው ይህ ነው። ዕጢው የተፋቀበት ቦታ ልክ ጉልበት ላይ እንዳለ ቁስል ቅርፊት ይይዛል። ከአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን አካባቢ ቅርፊቱ ይላቀቅና ትንሽ ደም ይከተላል። ይህ ቀድሞ የተነገረው ሰው አረፍ ይላል፣ ውኃ ይጠጣል፣ በአንድ ሁለት ቀን ይጠራለታል። ያልተነገረው ሞት የመጣ ይመስለዋል። ከባድ ነገር ማንሣትና ሰገራ ሲወጡ ማማጥ ቅርፊቱን ያለ ጊዜው ይነቅሉታል። ሐኪሞች ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ከ10 ፓውንድ በላይ አታንሡ የሚሉት ለዚህ ነው። ኦንታሪዮ ውስጥ መለኪያው ፍሪጅ ውስጥ አለ፤ በላስቲክ የሚሸጠው የ4 ሊትር ወተት። ከእሱ የሚከብድ ነገር ሁሉ ለልጆቹ ይተው። በረዶ መጥረግም ለልጆቹ ነው፤ በኢስት ዮርክ ክረምት ጎረቤት አካፋ ሲያነሳ ሶፋ ላይ መቀመጥ ለአባቶቻችን ከቀዶ ሕክምናው በላይ ይከብዳቸዋል።

ስግደትም ማንሣት ነው፤ የገዛ ሰውነትን። ወቅቱ ሕማማት ላይ ከዋለ ለንስሐ አባት አስቀድሞ መንገር ይሻላል። ጾሙም እንደዚሁ፤ በነዚህ ሳምንታት በቀን ሁለት ሊትር ያህል ውኃ ያስፈልጋል፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይጠጡ መዋል ሽንቱን አወፍሮ ደሙን ያረጋዋል። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ግን የውኃውን መጠን ሐኪሙን ይጠይቅ። ለሆድ ድርቀት ተልባ ጥሩ ነው። ቡናው? ካፌይን ፊኛን ያስቆጣል። አቦሉን ጠጥቶ ቶናና በረካን ለእንግዳ መተው መካከለኛ መንገድ ይመስለኛል።

ብዙዎችን የሚያስከፋው ግን ደሙ ሳይሆን ጥድፊያው ነው። «ተሠርቼም መጸዳጃ ቤት ሳልደርስ ያመልጠኛል!» ይላሉ። የፊኛው ጡንቻ ለዓመታት ዳገት ሲገፋ ኖሮ ደንድኗል፤ መንገዱ ተከፍቶለትም ጊዜ ካላገኘ መግፋቱን አይተውም። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ሦስት ወር ይፈጃል። ሽንትን መሐል ላይ ለማቋረጥ የምንጠቀምበትን ጡንቻ በቀን ብዙ ጊዜ ማጥበቅና ማላላት ይረዳል፤ ይህን ቲቪ እያዩም መሥራት ይቻላል።

አንድ ነገር አለ፣ ሐኪሙ ይናገረዋል፣ ለማስተርጎም የመጣው ልጅ ግን አይተረጉመውም። ከቱርፕ በኋላ በአብዛኛው ወንድ ላይ የዘር ፈሳሽ ወደ ውጭ መውጣቱን ትቶ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊኛ ይገባል፤ በኋላም ከሽንት ጋር ይወጣል። ጉዳት የለውም፤ ልጅ መውለድ ለሚያስብ ግን ትልቅ ነገር ነው። ወንድነት በአብዛኛው እንደነበረው ይቀጥላል። ግንኙነት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይቆያል። ይህን ለአባቱ መተርጎም የሚችል የእኛ ልጅ አላየሁም፤ ሴት ልጅማ ጨርሶ። «ሁሉም ደህና ነው ይላሉ» ተብሎ ይታለፋል። ሰውየው ከሁለት ወር በኋላ ብቻውን ሲያውቀው የተበላሸ ነገር ያለ ይመስለዋል፤ ለማንም አይናገርም።

ከዚህ ይልቅ ንጉሥ ቻርልስ ጥሩ ሠሩ። የካናዳም ንጉሥ ናቸውና እኛንም ይመለከተናል። በጥር 2024 ለፕሮስቴት ማበጥ እንደሚታከሙ ቤተ መንግሥቱ በይፋ ሲናገር፣ በእንግሊዝ ስለ ሕመሙ ከሕዝብ ጤና አገልግሎቱ መረጃ የሚፈልገው ሰው በአንድ ቀን ከአሥር እጥፍ በላይ ሆነ። ሰዎቹ ከዚያ በፊትም ሌሊት አምስቴ ይነሡ ነበር።

ልጣጩ ቀርቷል ብለን ነበር። ካንሰር ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከዚያ ከቀረው ክፍል ነው፤ ስለዚህ «ፕሮስቴቴን አስወጥቻለሁ» ብሎ የፒኤስኤ የደም ምርመራን መተው ስሕተት ነው። ተፍቆ የወጣው ሥጋም ለምርመራ ይላካል፤ በክትትሉ ቀጠሮ ውጤቱን ጠይቁ።

ሽንት ጭራሽ ከቆመ፣ የረጋ ደም ቁራጭ እየወጣ ቀለሙ ጉደር ሆኖ ከቀረ፣ ወይም ከ38 ዲግሪ ያለፈ ትኩሳት ከመጣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል። ከዚያ በታች ለሆነ ጥያቄ 811 ላይ ነርስ 24 ሰዓት ሙሉ ትገኛለች፤ በሌሎች ቋንቋዎች የትርጉም እገዛም አለ። ለቀጠሮው ደግሞ ልጃችሁን ለመኪናው ውሰዱት፤ ሐኪሙ ዘንድ ስትገቡ ግን የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠራልን በሉ።