ውጤቱ በማን ስልክ ይግባ?

ከኤች አይ ቪ ጋር የምትኖር እናት የወለደችው ሕፃን ስድስት ሳምንት ሲሞላው ተረከዙ ይወጋል። ደሙ አምስት ክብ በታተመበት ወፍራም ወረቀት ላይ ጠብ ጠብ ይደረጋል፤ ወረቀቱ ይደርቃል፣ እርጥበት ከሚመጥ ከረጢት ጋር ይታሸጋል፣ ይላካል። ምርመራው የሚሠራው በየጤና ጣቢያው ሳይሆን እንደ ባሕር ዳርና ደሴ ባሉ ከተሞች ባሉ ላብራቶሪዎች ነው። ናሙናውን ለዓመታት ሲያመላልስ የኖረውም ፖስታ ቤት ነው። በዋግ ኽምራ፣ በድሃና ወይም በዝቋላ ያለች እናት ታዲያ ወረቀቱ ሄዶ ውጤቱ እስኪመለስ፣ ከዚያም የቀጠሮዋ ቀን ደርሶ ልጇን አዝላ ያንን ዳገትና ቁልቁለት እስክትጨርስ ትጠብቃለች።

ውጤቱን በስልክ ለምን አይልኩላትም? ይህ ጥያቄ በጤና ባለሙያዎች ዘንድ ሲነሳና ሲወድቅ ቆይቷል። መልሱ የዘገየው በቴክኖሎጂ እጦት ብቻ አይደለም።

የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በኢትዮጵያ ከታወቁበት ከ1978 በኋላ የመጣው የምርመራ ሥርዓት በአንድ ደንብ ላይ ቆሟል፤ ውጤት የሚነገረው ለተመርማሪው ብቻ፣ ፊት ለፊት፣ ከምክር ጋር ነው። ደንቡ ከርኅራኄ ብቻ የመነጨ አይደለም። አንድ ፈጣን ምርመራ ብቻውን ፍርድ ሊሆን አይችልም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 «ቫይረሱ አለበት» ለማለት ሦስት ተከታታይ ምርመራዎች እንዲስማሙ መክሯል። አማካሪው የሚቀመጠው ይህን ሊያስረዳ፣ መድኃኒቱንም በዚያው ሊያስጀምር ነው።

ሌላው ምርመራ ግን ይህን ጥንቃቄ አያገኝም። ታካሚው ወይም አስታማሚው በእንግሊዝኛ ምኅጻረ ቃል የተሞላ ቁራጭ ወረቀት ከላብራቶሪው ተቀብሎ ግቢውን አቋርጦ ወደ ሐኪሙ ክፍል ይወስዳል፤ ወረፋ ላይ ያለ ማንበብ የሚችል ሁሉ ሊያየው ይችላል። ከባድ በሽታ ሲሆን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጠራው ዘመድ ነው፤ ታማሚው ውሎ አድሮ ይሰማል፣ ወይም ጨርሶ አይሰማም። ስለዚህ የወረቀቱ ዘመን ምስጢር ጠባቂ ነበር ማለት አይቻልም። ዋግ ኽምራን ከ2013 ጀምሮ ባመሰው ጦርነት ጤና ተቋማት ሲዘረፉና ሲወድሙም ወረቀት ራሱን እንኳ ማዳን እንደማይችል ታይቷል።

ዲጂታሉ መዝገብ ወደ አገሪቱ ከገባ ቆይቷል። በፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና ክፍሎች ስማርት ኬር፣ በሪፖርት ሥራ ደግሞ ዲ ኤች አይ ኤስ 2 ይሠራሉ። ሁለቱም የተሠሩት ለባለሙያውና ለዕቅድ አውጪው ነው፤ ታካሚው የራሱን ገጽ የሚከፍትበት በር የላቸውም። ሕጉ ግን ቀድሟል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት መካከል አስገብቶታል።

በሩ ወለል ብሎ ሲከፈት ምን እንደሚመጣ ለማየት ባሕር ማዶ መሻገር ይጠቅማል። በአሜሪካ ከሚያዝያ 2021 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ አብዛኛው ውጤት ሐኪሙ ሳያየው ጭምር በታካሚው ስልክ ይገባል። ከስምንት ሺህ በላይ ታካሚዎችን ያነጋገረና በ2023 የወጣ ጥናት 96 በመቶው እንዲህ መሆኑን እንደሚመርጡ አሳይቷል፤ ሆኖም ጤናማ ያልሆነ ውጤት ካነበቡት መካከል ጭንቀት የባሰበት ሰው ድርሻ ከፍ ያለ ነበር። በዚያው አገር አንትሮፖሎጂስቷ የውብዳር በየነ በ1992 (እ.ኤ.አ.) ስለ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ክፉ ወሬን ሐኪም በቀጥታ ለታማሚው መናገሩ ምን ያህል እንደሚያቆስል፣ ቤተሰብ ቀድሞ ሰምቶ በወጉ እንዲነግር እንደሚጠበቅ አስረድተዋል። ያኔ ያስከፋው የሐኪሙ አንደበት ነበር። ዛሬ የሚቀድመው ስልኩ ነው።

ወደ ዋግ ስንመለስ ስልክ የአንድ ሰው ዕቃ አይደለም። ባል ይዞት ገበያ ይወርዳል፤ መልእክት ሲገባ ተማሪው ልጅ ጮክ ብሎ ያነብባል። «ፖዘቲቭ» የምትል አንዲት ቃል በዚህ መንገድ ቤት ልትበትን ትችላለች። ኔትወርኩም አይታመንም፤ ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ቋንቋም አለ፤ አፏን በኽምጥኛ ለፈታች ሴት የአማርኛው መልእክት ራሱ አስተርጓሚ ይሻል፣ አስተርጓሚ ደግሞ ምስጢር ሰሚ ነው።

«ውጤቱ ይቅር፣ ‹ነይ› ብቻ ይባልላት» የሚለው ሐሳብ በብዙዎች ዘንድ ይወደዳል። እኔ ግን አደጋ ይታየኛል። የሚጠራው ውጤቱ የከፋበት ብቻ ከሆነ ጥሪው ራሱ ውጤት ይሆናል፤ ሰፈሩ ይህን ለማወቅ ጊዜ አይፈጅበትም። እንጥራ ከተባለ ሁሉም በአንድ ቃል ይጠራ፣ አለዚያ ማንም አይጠራ።

ከሁሉ የሚበልጠው ናሙና ሲሰጥ መጠየቁ ነው፤ ውጤቱን በማን በኩል፣ በየትኛው ቋንቋ፣ በስልክ ወይስ በአካል ትፈልጊያለሽ? በደሟ ያለው የቫይረስ መጠን መውረዱን ለመስማት ብቻ አንድ ቀን ሙሉ የምትጓዝ ሴት ስልኩ የራሷ ከሆነና ከፈቀደች የምሥራቹን ቤቷ ልትሰማ ይገባታል። ሌላዋ ሰቆጣ ድረስ፣ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ድረስ መሄዱን ልትመርጥ ትችላለች፤ እዚያ የሚያውቃት ስለሌለ። ምርጫዋ በካርዷ ላይ ይጻፍ፣ በየቀጠሮውም እንደገና ትጠየቅ፤ ባል ይቀየራል፣ ስልክ ይጠፋል፣ ሐሳብም ይለወጣል።