ከግልገል ዓባይ ምንጭ አጠገብ አንድ ጊዜ ብቻ የተገኘው የአይጥ ዝርያ

ግልገል ዓባይ በምዕራብ ጎጃም ዞን ሰከላ ወረዳ ከሚገኘው ግሽ ዓባይ ተነስቶ ወደ ጣና ሐይቅ ይፈስሳል። ወንዙ ከሐይቁ ገባሮች ሁሉ ትልቁ መሆኑ፣ ምንጩም በጸበል ስፍራነቱ የሚከበር መሆኑ በስፋት ይታወቃል። በዚሁ ምንጭ አካባቢ የተገኘና በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ ያልታየ የአይጥ ዝርያ መኖሩን የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው።

ዝርያው የተገኘው በቺካጎ የሚገኘው የፊልድ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1926 እና በ1927 ወደ ኢትዮጵያ በላከው የጥናት ቡድን አማካይነት ነው። የቡድኑ መሪ ዊልፍሬድ ኦስጉድ ናሙናውን እ.ኤ.አ. በ1928 በሳይንሳዊ ጽሑፍ ሲያስተዋውቁ “ኒሎፔጋሚስ ፕለምቤየስ” የሚል ስያሜ ሰጥተውታል። የመጀመሪያው ቃል ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን የናይል ምንጭ አይጥ እንደማለት ነው። ሁለተኛው ደግሞ በላቲን የእርሳስ ብረት የመሰለውን የጸጉሩን ቀለም ያመለክታል። ስፍራው ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 600 ሜትር ያህል ከፍታ አለው።

አርሶ አደሩ የሚያውቃቸው አይጦች በማሳና በጎተራ እህል የሚያጠፉ ናቸው። ይህ ዝርያ ግን በአካሉ አሠራር ከእነርሱ የተለየ ነው። ጸጉሩ ጥቅጥቅ ያለና ውኃ የማያስገባ፣ የኋላ እግሮቹ ትልልቅ፣ አንጎሉም ከአካሉ መጠን አንጻር ሰፊ ነው። በመካከለኛውና በምሥራቅ አፍሪካ የሚኖሩት የቅርብ ዘመዶቹ በትናንሽ ጅረቶች ዳር በውኃ ውስጥ እየተራመዱ፣ በጢማቸው እየዳሰሱ የውኃ ነፍሳትን ያድናሉ። የግልገል ዓባዩ ዝርያም ተመሳሳይ አኗኗር እንደሚኖረው ተመራማሪዎች ያስረዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ የሆነ የዘረመል ጥናት፣ በሙዚየም ከተቀመጠው ናሙና በተወሰደ ቅንጣት ላይ ተመስርቶ ይህንኑ ዝምድና አረጋግጧል።

የእንስሳት ስርጭት የሚወሰነው በመኖሪያቸው ስፋት ነው። በጎጃም ደጋ በሣር መሬትና በማሳ የሚኖረው ፍልፈል የሚመቸው አፈር ባለበት ሁሉ ይገኛል። የውኃው አይጥ ግን ኑሮው ከጅረት ዳርቻ ጋር የተሳሰረ በመሆኑ መኖሪያው ጠባብ ነው። ዳርቻው በከብት ግጦሽና በእርሻ ሲራቆት ደለል ወደ ጅረቱ ይገባል፤ የውኃ ነፍሳት ይቀንሳሉ፤ ነፍሳቱን የሚመገበው እንስሳም ምግቡን ያጣል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ዝርያውን እጅግ አስጊ በሆነ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት መድቦታል።

በሳይንሳዊ ጽሑፍ የተመዘገበ ሁለተኛ ናሙና እስካሁን የለም። ይህ ሁኔታ ዝርያው ጠፍቷል ለማለት በራሱ በቂ ማስረጃ አይሆንም። በየብስ ላይ የሚዘረጋና እህል የተደረገበት ወጥመድ ነፍሳት በል የሆነውን የውኃ አይጥ ሊስበው አይችልም። ፍለጋው በጅረቱ ዳርቻ፣ ውኃው በሚነካበት ቦታ ሊካሄድ ይገባል። ከደብረ ማርቆስ በስተሰሜን ከሚገኘው የጮቄ ተራራ የሚፈልቁ ጅረቶችም በዚሁ ደጋ የሚገኙ በመሆናቸው የፍለጋው አካል ቢሆኑ ጠቃሚ ነው።

ጮቄ ራሱ የመዘግየትን ዋጋ የሚያሳይ ስፍራ ነው። የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ቀደም ሲል በዚህ ተራራ ይኖር እንደነበርና ከአካባቢው እንደጠፋ ጥናቶች ያመለክታሉ። ይሁን እንጂ ቀይ ቀበሮ በባሌና በሰሜን ተራሮች ዛሬም ይገኛል። የውኃው አይጥ ግን ከግልገል ዓባይ ምንጭ ሌላ የታወቀ መኖሪያ የለውም።

በመሆኑም በየደረጃው የሚገኙ የግብርና፣ የመሬት አስተዳደርና የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች የተፋሰስ ልማት ሲያቅዱ ከተዳፋት መሬት እርከን ባሻገር ለጅረት ዳር እጽዋት ቦታ ሊሰጡ ይገባል። ዳርቻውን ከግጦሽ መከለል ወደ ጣና የሚገባውን ደለል ይቀንሳል፤ ለአርሶ አደሩም የሣር መኖ ያስገኛል። ዝርያው በሕይወት ካለ ደግሞ መኖሪያውን ይጠብቅለታል። ጥናቱ ሳይካሄድ መኖሪያው ከጠፋ ግን የዚህ እንስሳ ብቸኛ ማስረጃ ከምንጩ እጅግ ርቆ በቺካጎ የተቀመጠው አንድ ናሙና ብቻ ሆኖ ይቀራል።