ብስክሌቱ፣ ድንጋዩና አባትየው

ጓደኞቼ ስለ ስፖርት ፊልም ሲከራከሩ አንዱ ቦክስ ይላል፣ ሌላው እግር ኳስ። በወጣትነቴ ብስክሌት የተወዳደርኩት እኔ ግን የምጠራው አንድ ስም ብቻ ነው፦ «ብሬኪንግ አዌይ»። ፒተር ዬትስ ያዘጋጀው ይህ ፊልም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ስመ ጥር ኮከብ ሳይኖረው ለአምስት ኦስካር ታጭቶ በድርሰቱ አንዱን ወስዷል። ብስክሌተኞች ደግሞ ይኸው እስከ ዛሬ ትዕይንቶቹን በቃላቸው ይዘው ይተርኩታል።

ታሪኩ የሚፈጸመው በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት፣ ብሉሚንግተን በምትባል የዩኒቨርሲቲ ከተማ ነው። ዴቭ ስቶለር ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ ሥራም ትምህርትም ሳይዝ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር የሚውል ልጅ ነው። ልጆቹ ውሃ በሞላው አሮጌ የድንጋይ ካባ ውስጥ እየዋኙ ቀኑን ይገፋሉ። አባቶቻቸው ድንጋይ ጠራቢ ስለነበሩ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች «ከተርስ» እያሉ ይንቋቸዋል። ዴቭ የጣሊያን ብስክሌተኞችን ከማምለኩ የተነሳ አነጋገሩን ጣሊያናዊ አድርጓል፤ የቤታቸውን ድመት ፌሊኒ ብሎ ይጠራል፤ እግሩንም ይላጫል። ጠረባውን ትቶ ያገለገሉ መኪኖች የሚሸጠው አባቱ ይህን ሁሉ ሲያይ ብግን ይላል።

ብስክሌተኞች በጣም የሚወዱት ትዕይንት የጭነት መኪናው ነው። ዴቭ አውራ ጎዳና ላይ ከአንድ ትልቅ መኪና ኋላ ተጠግቶ ይጋልባል። ሾፌሩም እጁን በመስኮት አውጥቶ ፍጥነቱን በጣቶቹ ያሳየዋል። በሜዳ ላይ ብስክሌተኛን ከሁሉ በላይ የሚያደክመው ነፋስ ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የአየሩ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። መኪናው ነፋሱን ሲከፍልለት ግን ልጁ ብቻውን ከቶ የማይደርስበትን ፍጥነት ያገኛል። ነገሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን እንዳትሞክሩት። ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ቢይዝ ማቆሚያ ቦታ የለም።

ከዚያ ያመለካቸው ጣሊያኖች ለውድድር ከተማው ድረስ ይመጣሉ። ዴቭ እኩል ሲጋልብና በቋንቋቸው ሲያዋራቸው ደስ አይላቸውም። አንደኛው ፖምፓውን አውጥቶ የዴቭ ጎማ ውስጥ ይሰካበታል። ልጁ ከነሕልሙ ይወድቃል።

ለእኔ ፊልሙ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። አባትና ልጅ ማታ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ሲሄዱ አባትየው ሕንፃዎቹን እያየ፣ ድንጋያቸውን የጠረበው እሱ እንደሆነና በሥራው ይኮራ እንደነበር ይናገራል። ግንባታው ሲያልቅ ግን ማንም አትግቡ ሳይላቸው ሕንፃዎቹ ለእነሱ የማይገቡ መስለው ታዩአቸው። የእኔም አባት ግንበኛ ነበር። እጁ ካረፈባቸው ሕንፃዎች አንዱ ባንክ ሆነ፤ አባቴ ግን ገንዘብ ለማውጣት አንድ ፌርማታ አልፎ ሌላ ቅርንጫፍ ይሄድ ነበር። ለምን ስለው፣ «እዚያ ይሻላል» አለኝና ወሬ ቀየረ።

የመጨረሻው ውድድር «ሊትል 500» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1951 የተጀመረ እውነተኛ ውድድር ነው። በየቡድኑ አራት ልጆች በአንድ ዓይነት ብስክሌት እየተቀባበሉ 200 ዙር፣ ማለትም 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይጋልባሉ። ከተርሶቹ ዴቭን ብቻ አምነው ይገባሉ፤ እሱ ሲጎዳ ግን ብስክሌት የማይሆንላቸው ጓደኞቹም መጋለብ ግድ ይሆንባቸዋል። ማን እንዳሸነፈ ከእኔ አትሰሙም።

የድርሰቱ ጸሐፊ ስቲቭ ቴሲች በዩጎዝላቪያ ተወልዶ በ14 ዓመቱ ወደ አሜሪካ የመጣ ስደተኛ ነው። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሲማር እ.ኤ.አ. በ1962 ሊትል 500ን ያሸነፈው ቡድን ተጠባባቂ ነበር። የቡድን ጓደኛው ዴቭ ብሌዝ ከ200ው ዙር 139ኙን ብቻውን ጋልቧል፤ የፊልሙ ዴቭም የተቀዳው ከእሱ ነው። በሰው አገር ያደገ ልጅ በበሩ ላይ ቆሞ መግባትን የሚፈራ ሰው ስሜት ባይገባው ነበር የሚገርመኝ።

ፊልሙ ከታየ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1984፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች «ከተርስ» የሚል እውነተኛ ቡድን አቋቁመው ውድድሩን ደጋግመው አሸንፈዋል። የስድብ ስም የነበረው አሁን በማልያ ላይ በኩራት ይለበሳል። ብስክሌት ባትወዱም ፊልሙን ፈልጉና እዩት፤ አባታችሁ በሕይወት ካሉ ደግሞ አብራችሁ እዩት።