ፈረስ የተባለ ሰው

ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ አንድ ዘመዴ በስልኩ ያሳየኝ ቪዲዮ ነው። ታይላንድ ውስጥ ፉኬት በምትባል ደሴት፣ ነጭ የለበሱ ሰዎች ጉንጫቸውን በረጅም ብረት ወግተው፣ ራሳቸውን እያወዛወዙ በአስፋልቱ ላይ ይሄዳሉ። ከኋላቸው ወጣቶች በትከሻቸው የተሸከሙት ያጌጠ የአምላክ ዙፋን አለ። ርችት ይፈነዳል፣ ጢሱ መንገዱን ሸፍኖታል። ዘመዴ የጎጃም፣ የሉማሜ ሰው ነው። አይቶ አይቶ «ይኼማ ዛር ነው» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ዙፋኑን በጣቱ እያሳየ፣ «ይኼኛው ግን እንደ ታቦት ታጅቦ ነው የሚሄደው። ታዲያ እንዴት አብረው ወጡ?» ሲል ጠየቀኝ።

ጥያቄው ከብዙ መጽሐፍ የተሻለ ነው። በእኛ አገር ሁለቱ አብረው አይወጡም። ታቦት በቀን፣ በአደባባይ፣ በእልልታ ይወጣል። ዛር በማታ፣ በጓዳ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ይጠራል። ታቦትን ከሌላ ሃይማኖት ምስል ጋር እኩል ለማድረግ አለመነሣቴን ከወዲሁ ልናገርና፣ አወጣጡንና አሠራሩን ብቻ ላስረዳ።

ከቻይናው ልጀምር፤ የፉኬቱ ሰልፍ የቻይናውያን ወግ ነውና። በደቡብ ቻይና በፉጂያን ክፍለ ሀገር፣ በታይዋን፣ በሲንጋፖርና በማሌዥያ የሚኖሩ ቻይናውያን ከሚያመልኳቸው አማልክት ብዙዎቹ በአንድ ወቅት ሰው ነበሩ ይባላል። ዝነኛዋ ማዙ ናት። እ.ኤ.አ. በ960 ሜይዡ በምትባል ደሴት የተወለደች ሊን ሞ የተባለች ልጅ ነበረች፤ በማዕበል የተያዙ መርከበኞችን ታድን ነበር፤ ከሞተች በኋላም ማዳኗን አልተወችም ይላሉ። የቻይና ነገሥታት በዘመናት ውስጥ ማዕረግ በማዕረግ ላይ እየጨመሩላት በመጨረሻ «የሰማይ ንግሥት» ተባለች። መንግሥት የሞተን ሰው ሳይቀር ይሾም ነበር ማለት ነው።

ማዙ በዓመት አንድ ጊዜ ትወጣለች። ታይዋን ውስጥ ዳጂያ ከሚባለው ከተማ ቤተ መቅደስ ምስሏ በሸክም ዙፋን ተቀምጦ ዘጠኝ ቀን በእግር ይጓዛል፤ ደርሶ መልሱ 340 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አባይን ወርዶና ወጥቶ፣ በደጀንና በሉማሜ አድርጎ ደብረ ማርቆስ ከመድረስ ይበልጣል። በየመንገዱ ሕዝቡ ተሰልፎ አስፋልቱ ላይ ይተኛና ዙፋኑ ከላዩ ያልፋል፤ በረከት ነው። ጉዞው ጉብኝትም ነው። አምላክ አገሩን ይዞራል፣ ወሰኑን ያያል፣ ክፉውን ያባርራል። ልክ እንደ አገረ ገዥ።

ከእነዚህ ሰልፎች በብዙዎቹ ፊት ፊት የሚሄደው ሰው ግን ሌላ ነው። በፉጂያን ሰዎች አነጋገር «ታንኪ» ይሉታል፤ «የሚጠነቁል ልጅ» እንደማለት ነው፣ ሽማግሌም ቢሆን። አምላኩ ሲወርድበት ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁ ይለወጣል። ከዚያ በሰይፍ ወይም ሹል ብረት በተሰካበት ኳስ የገዛ ጀርባውን ይመታል። ደሙ የሚፈሰው ለትርኢት ብቻ አይደለም። ሰውዬው ካልታመመ፣ ያለው እሱ ሳይሆን አምላኩ ነው የሚል ማረጋገጫ ነው። የሚናገረውን ተራ ሰው ስለማይረዳው ከአጠገቡ ቆሞ የሚተረጉም አለ። ያም «የጠረጴዛ ራስ» ይባላል። ሕመምተኛው ይጠይቃል፣ አምላኩ በታንኪው አፍ ይመልሳል፣ የጠረጴዛው ራስ ይፈታል፣ በወረቀት ላይ የተጻፈ ክታብ ይሰጣል። በቻይና አሠራር ሰማይም ጽሕፈት ቤት አለው፤ ማኅተም፣ ትእዛዝ፣ ደብዳቤ።

አሁን ወደ ቤታችን።

ዛር ምንድን ነው ለሚል፣ በሰሜኑ አገር የሚተረት አንድ ታሪክ አለ። ሔዋን 30 ልጆች ነበሯት። ፈጣሪ ልጆቿን ሊያይ በመጣ ጊዜ ዓይን እንዳይበላቸው ሰግታ መልከ መልካሞቹን 15ቱን ደበቀቻቸው። እሱም የተደበቁት ተደብቀው እንዲቀሩ ፈረደ። የታዩት እኛ ነን፤ የተሰወሩት ዛሮች ናቸው። እኛ እነሱን አናይም፣ እነሱ ግን ያዩናል፣ ይቀኑብናልም፤ ሲሻቸው ይወዱናል። ታሪኩ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም፤ ካህናቱም አይቀበሉትም። ግን አንድ ነገር ይናገራል፦ ዛር ወንድማችን ነው። ስለዚህ አይገደልም፣ ይለመናል እንጂ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንዲት ሴት (አብዛኛውን ጊዜ ያገባች ሴት ናት) ትታመማለች፤ ምግብ ያስጠላታል፣ ትንተከተካለች፣ ትወድቃለች። ወደ ባለዛር ትወሰዳለች። ባለዛሩ ራሱ በአንድ ወቅት እንዲሁ ታሞ ከዛሩ ጋር የታረቀ ሰው ነው። ማታ ቡናው ይፈላል፣ ዕጣኑ ይጤሳል፣ ከበሮና ጭብጨባ ይጀመራል። ዛሩ ሲነሣባት ታጓራለች፤ ከወገብ በላይ እየተሽከረከረች፣ ጸጉሯን እየበተነች። ባለዛሩ «ማን ነህ? ስምህን ተናገር» ይላል። ነገሩ ሁሉ በዚህ ላይ ያርፋል። ስሙን ከተናገረ ጉዳዩ ድርድር ይሆናል። ምን ትፈልጋለህ? ገብስማ ዶሮ። አምባር። ሽቶ። አዲስ ቀሚስ። በየዓመቱ በዚህ ወር ጭዳ። ተስማሙ፤ ከዚያ በኋላ እሷ «ፈረሱ» ናት። ዛሩ ሲሻው ይጋልባታል፤ ደስ ካለው ደግሞ ይጠብቃታል።

ታንኪው «ልጅ» ተባለ፤ የእኛዋ «ፈረስ»። ይህን ቃል ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ፈረስ በጎጃም የክብር ነገር ነው፤ ጌታ በፈረሱ ይታወቃል። በቀድሞ ዘመን ትልቅ ሰው «አባ» እየተባለ በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ። በዛር ቤት ግን ነገሩ ተገልብጧል፤ ጋላቢው አይታይም፣ የሚታየው ፈረሱ ብቻ ነው።

ሌሎቹንም የዛር ቤት ቃላት አንድ በአንድ አንሥታችሁ እዩ። ለዛር የሚሰጠው ነገር «ግብር» ነው፤ ሰው ለዛር «ይገብራል»፤ ለመንግሥት ግብር እንደምንከፍለው። ከመጋረጃው ውጭ ቆሞ እንግዳ የሚያስገባው «አጋፋሪ» ይባላል፤ የቤተ መንግሥት ሹመት ነው። ዛሩ ሲወርድ ፉከራ አለው፤ ከዘመቻ እንደተመለሰ ጀግና ራሱን በስም ይጠራል፣ ግዳዩን ይቆጥራል። በዛሮቹም መካከል ጌታና አሽከር አለ፤ አንዱ ሹም፣ ሌላው ወታደር፣ ሌላዋ ገረድ። ባለዛሩን ሰው «ዛር አንጋሽ» ይለዋል። ቻይናዊው ሰማይን ጽሕፈት ቤት አድርጎ ሲያስበው፣ የእኛ ሰው የማይታየውን ዓለም በራስና በደጃዝማች ግቢ አምሳል አየው። ሁለቱም የሚያውቁትን ሥልጣን ነው ወደ ማይታየው የወሰዱት።

ስለ ዛር ከጻፉት መካከል ዋነኛው የውጭ ሰው ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ ነው። በማርሴል ግሪዮል ከተመራው የጥናት ጓድ ጋር በ1924 ዓ.ም. ክረምት ጎንደር ገብቶ ወራት ቆየ፤ አስተርጓሚው አባ ጀሮም ነበሩ። አብዛኛውን ጊዜውን ያሳለፈው መልካም አያሁ በሚባሉ ባለዛር ቤት ነው። እኒህ ሴት አንድ ዛር ብቻ አልነበራቸውም። መንፈሳዊ ወግ ሲሆን አንዱ ይወርድባቸዋል፤ ቀልድና የቤት ሥራ ሲሆን ገረዷ ትመጣለች፤ ቁጣ ሲያስፈልግ ወታደሩ። ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን የልብስ ሣጥን አስመስሎታል፤ ሰው እንደ ጊዜው አውጥቶ የሚለብሰው ማንነት። ማታለል ነው አላለም። በሙሉ እምነትና በጨዋታ መካከል ያለ ነገር አድርጎ ነው ያየው። እኔም ከዚህ የተሻለ አገላለጽ አላገኘሁም።

በዚያው ዓመት ሳይመን ሜሲንግ የተባለ አሜሪካዊ ስለ ጎንደር ዛር ሌላ ጽሑፍ አወጣ። እሱ ያየው ሕክምናውን ነው። ሴትየዋ ብቻዋን ስትብሰለሰል የኖረችውን ነገር በሰው ፊት አወጣችው፤ ማኅበርተኞች አገኘች፤ ባሏም ለእሷ እምቢ ያለውን ቀሚስ ለዛሯ ገዛ። ሐሳቡ ይገባኛል፤ ግን ወጪውን አልረሳም። ዛር አንዴ ከፍለውት የሚያርፉት ዕዳ አይደለም። ዕድሜ ልክ ይገበርለታል፤ በግ ሸጦ ጭዳ የሚገዛ ድሃ ቤት አለ። የሚጥል በሽታ ያለባት ልጅ በመጋረጃ ጀርባ ዓመታት ስታሳልፍ ደግሞ ነገሩ ከወግነት ያልፋል። ጸበልም ቢሆን ሐኪም ቤት አይከለክልም።

ቃሉ ራሱ ከየት መጣ? ጣሊያናዊው ሊቅ ኤንሪኮ ቼሩሊ «ዛር» ከጥንት የኩሽ ሕዝቦች የሰማይ አምላክ ስም ጋር ይዛመዳል ሲል ጽፏል፤ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ በሆነው በቢለን «ጃር» ይባላል። መላምት ነው። እውነት ከሆነ ግን ዛር ከሹመቱ የወረደ አሮጌ አምላክ ነው፤ ክርስትና ሲመጣ ከሰማይ ወደ ጓዳ የገባ። የአዊ አገው ጎረቤት ለሆነው ለጎጃም ሰው ይህ ሐሳብ ሩቅ አይደለም።

ከእኛ አገር ወጥቶም ተጉዟል። ዛር በሱዳንና በግብፅ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በሰፊው የታወቀ ነው፤ ብዙ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ በባርነት የተወሰዱ ሴቶች ይዘውት እንደሄዱ ያምናሉ። በሰሜን ሱዳን ከሚወርዱት የዛር ነገዶች አንዱ «ሐበሽ» ነው፤ ፓሻዎችና ፈረንጆችም የየራሳቸው ነገድ አላቸው። የእኛ ዛሮች ራስና ሹም፣ የእነሱ ዛሮች ፓሻና ሐበሻ። ሁሉም የገዛውን ወይም የፈራውን ሰው ዛር አድርጎ አስቀረው።

ታዲያ ዛር ለምን አደባባይ አልወጣም? አንደኛው መልስ ታሪክ ነው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት) ጥንቆላንና ባዕድ አምልኮን በብርቱ አሳደዱ፤ ሕዝቡ በግንባሩ የሥላሴን ስም፣ በእጁ ላይ ዲያብሎስን መካዱን እንዲጽፍ አዘው ነበር። የቻይና ነገሥታት የሕዝቡን አማልክት ሲሾሙ፣ የእኛዎቹ የቤተ ክርስቲያኑን ብቻ አጸኑ። አደባባዩ ለአንድ ወገን ተሰጠ። የተቀረው ጓዳ ገባ እንጂ አልጠፋም፤ መልካም አያሁ ራሳቸው ክርስቲያን ነበሩ።

ሁለተኛው መልስ ከታቦቱ ጉዞ ይገኛል። «ከተራ» የሚለው ስም የመጣው ውኃ ከመከተር ነው፤ ወንዙ ተገድቦ ባሕረ ጥምቀቱ ይዘጋጃል። ጥር 10 ከሰዓት በኋላ ታቦታቱ ከየመቅደሳቸው ይወጣሉ። ካህኑ በግምጃ የተሸፈነውን ታቦት በራሱ ላይ ይሸከማል፤ ድባቡ ይዘረጋል፤ ከፊት ዲያቆናት መስቀልና ጽና ይዘው፣ ከኋላ መዘምራን በመቋሚያና በጸናጽል። ጎጃም ላይ ደግሞ የጎበዙ ሽለላና ቀረርቶ አለ፤ ልክ ንጉሥ እንደሚያጅብ። የደብሩ ዓመታዊ በዓልም «ንግሥ» አይደል የሚባለው? ታቦቱ ድንኳን ገብቶ ያድራል፣ ጥር 11 ጥምቀቱ ይከበራል፣ አብዛኛው ይመለሳል፤ የሚካኤል ታቦት በ12 ይገባል። ዩኔስኮ ይህን በዓል በ2012 ዓ.ም. በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል፤ የማዙንም እምነትና ወግ ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2009 መዝግቦ ነበር።

ከቻይናው ጋር አንድ የሚያስገርም መመሳሰል አለ። የቻይና ዙፋን ሲጓዝ በድንገት ይወዛወዛል፣ ወደ ኋላ ይላል፤ ተሸካሚዎቹ «እኛ አይደለንም፣ አምላኩ ነው» ይላሉ። በእኛም «ታቦቱ ቆመ»፣ «አልሄድም አለ» ሲባል ያልሰማ ሰው የለም። ካህኑ መራመድ ያቅተዋል፤ ሕዝቡ ይንበረከካል፣ እግዚኦታ ይደረሳል፣ የተጣላ ይታረቃል፤ ከዚያ ታቦቱ ይንቀሳቀሳል። እስከዚህ ድረስ ዘመዴ ትክክል ነው።

ልዩነቱ ከዚህ በኋላ ነው። ቻይና ላይ አምላኩ ከዙፋኑም ይወጣና ሰው ላይ ይወርዳል፣ በሰው አፍ ይናገራል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ቅድስናው በጽላቱ ነው፤ ጽላቱን ደግሞ ሕዝብ አያየውም። በሰው አፍ «እኔ እገሌ ነኝ» የሚል መንፈስ ጸበል ቦታ የሚሰማው እንዲወጣ ሲታዘዝ ብቻ ነው። ስለዚህ ዛር ያለባት ሴት እንኳ ከታቦቱ ፊት እንደ ማንኛዋም ምእመን ነጠላዋን አጣፍታ ትቆማለች።

የከተራ ዕለት ሉማሜም ሆነ ደብረ ማርቆስ የምትገኙ፣ ታቦቱ ሲያልፍ ዓይናችሁን ከድባቡ ዝቅ አድርጋችሁ የተሸካሚውን ካህን ፊት እዩ። ዙሪያው ሁሉ ይጮኻል፣ ይዘምራል፣ ይፎክራል። እሱ ከመቅደስ እስከ ድንኳኑ አንድ ቃል አይናገርም።