የሳሳ አየርና የቱርቦ ሞተር

በጆሃንስበርግ ከተማ በስተሰሜን፣ የባለጸጎች ሰፈር ከሆነችው ከሳንድተን በአንድ አውራ ጎዳና ብቻ ተለይታ የምትገኘው አሌክሳንድራ የተቈረቈረችው እ.ኤ.አ. በ1912 ሲሆን፣ ጥቁሩ ሕዝብ ከተከለለለት ሥፍራ ውጭ ርስት እንዳይገዛ የከለከለው የመሬት ሕግ የወጣው በማግሥቱ ዓመት ስለ ነበረ፣ ጥቁሮች በገዛ ስማቸው የቤት ቦታ ለመያዝ ከበቁባቸው ጥቂት የከተማ ሥፍራዎች አንዷ ለመሆን የቻለች ሰፈር ናት። በእኛ ወገኖች ዘንድ ስሟ ይበልጥ የሚነሣው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2008 በውጭ አገር ሰዎች ላይ የተነሣው ሁከት የጀመረባት በመሆኗ ነው፤ ዛሬ ግን የምናወሳው በዙሪያዋ ባሉት በዋይንበርግ፣ በኪውና በማርልቦሮ የሥራ ሰፈሮች ውስጥ፣ በቆርቆሮ ጣራ ሥር በተደረደሩት ጋራዦች ስለሚፈጸም አንድ አዲስ የእጅ ጥበብ፣ ይኸውም የመኪናን ሞተር በመፍቻ ሳይሆን በኮምፒውተር ስለ መቃኘት ነው።

በእነዚህ መንገዶች ዳር ቆሞ የሚያዳምጥ ሰው፣ ከታክሲዎቹ ጥሩምባና ከቡና ቤቱ ሙዚቃ መካከል «ቭርርር... ፓ!» የሚል ድምፅ ደጋግሞ ይሰማል። የጎልፍ ጂቲአይ ድምፅ ነው። በቱርቦ የሚሠራው ይህ መኪና ማርሽ ሲለውጥ ኮምፒውተሩ ለቅጽበት የካንዴላውን ብልጭታ ስለሚያዘገይ፣ ዘግይቶ የተቃጠለው ቤንዚን በጭስ ማውጫው በኩል ፈንድቶ ይወጣል፤ የደቡብ አፍሪካ ወጣት ይህን ድምፅ እንደ ክብር ምልክት ስለሚቈጥረው፣ ድምፁን ለማጉላትና ጉልበቱን ለመጨመር ሲል ወርኃዊ ደመወዙን ይዞ ወደ ጋራዥ ይሄዳል። በዚያው በጆሃንስበርግ በጄፔ በንግድ ከሚተዳደሩት ኢትዮጵያውያን መካከልም ጥቂት ገንዘብ ሲያጠራቅሙ ዓይናቸውን ከዚህ መኪና ላይ የሚጥሉ አይታጡም።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ከአየር መጀመር ያስፈልጋል። ሞተር የሚኖረው እንደ ፍጥረት ሁሉ በመተንፈስ ነውና፣ ከፍ ባለ አገር አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱ ይቀንሳል። በአሌክሳንድራ አካባቢ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ የአየሩ ግፊት 84 ኪሎፓስካል ገደማ ሲሆን በባሕር ዳርቻ ደግሞ 101 ይደርሳል፤ ስለዚህ ቱርቦ የሌለው መኪና ከደርባን ወደዚህ ሲወጣ ከመቶ 17 ያህል ጉልበቱን በመንገድ ላይ ጥሎ ይመጣል። ይህን ጉድለት ለመሙላት የሚያገለግለው ቱርቦ፣ ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኪ እ.ኤ.አ. በ1905 የባለቤትነት መብት ያወጣበት መሣሪያ ነው፤ ከሞተሩ የሚወጣው የተቃጠለ ጢስ አንዲት ትንሽ መንኰራኵር በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ያሽከረክራል፣ እርስዋም በአንድ ዘንግ የተያያዘችውን እኅቷን እያዞረች ንጹሑን አየር ጨምቃ ወደ ሲሊንደሩ ትገፋለች። አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ እ.ኤ.አ. በ1918 አንድ የአውሮፕላን ሞተር በጭነት መኪና ጭኖ 4,300 ሜትር ከፍታ ባለው የፓይክስ ፒክ ተራራ ራስ ላይ አውጥቶ በሞከረ ጊዜ፣ በቆላ 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር በተራራው ላይ ወደ 230 ወርዶ ሳለ፣ ቱርቦው ሲገጠምለት 356 ሰጠ። ቱርቦ የፍጥነት መሣሪያ ከመሆኑ አስቀድሞ የደገኞች መድኃኒት ነበረ ማለት ነው፤ እኛም ደገኞች ነንና ነገሩ ይመለከተናል።

በዛሬው መኪና ግን ቱርቦው ምን ያህል ይግፋ፣ ካንዴላው መቼ ይበልጭ፣ ስንት ቤንዚን ይረጭ የሚለውን ሁሉ የሚወስነው ከሞተሩ አጠገብ የተቀመጠ ኮምፒውተር ነው። በውስጡ እንደ ባሕረ ሐሳብ ሰንጠረዥ በረድፍና በዓምድ የተደረደሩ አሐዞች አሉ፤ በዚህ የሞተር ዙርና በዚህ ሸክም ይህን ያህል አድርግ ይላሉ። የሰባተኛው ትውልድ ጎልፍ ጂቲአይ ከፋብሪካው ሲወጣ 162 ኪሎዋት፣ ማለትም 220 ያህል የፈረስ ጉልበት እንዲሰጥ የተወሰነው በእነዚህ አሐዞች ነው። የፋብሪካው መሐንዲስ፣ መኪናው የሚሸጠው በበረሃም በበረዶም አገር፣ ጥሩ ቤንዚን በሚገኝበትም በማይገኝበትም ስለሆነ፣ ክረምቱ ቢረዝምስ ብሎ ከጎተራው እንደሚያስቀር አስተዋይ ገበሬ ከሞተሩ ዐቅም ጥቂቱን ለክፉ ቀን ያስቀራል። የመቃኛ ሶፍትዌር ሻጭ ከመቶ 25 ወይም 30 ጭማሪ አገኝልሃለሁ ሲል፣ ከየትም አዲስ ጉልበት ፈጥሮ ሳይሆን ይህን ተቀማጭ ሊያወጣልህ ነው። እንግዲህ የሚጠየቀው ጥያቄ፣ በደጋ አገር ከተቀማጩ አስቀድሞ ምን ያህሉ ተበልቷል የሚለው ነው።

የቅኝቱ ሙከራ ራሱ ሲታይ ጸጥ ያለ ሥራ ነው። ባለሙያው ከመሪው በታች ካለው መሰኪያ ገመዱን አገናኝቶ፣ አስቀድሞ የፋብሪካውን ጽሑፍ፣ ማለትም እነዚያን አሐዞች፣ እንዳለ ገልብጦ ያስቀምጣል፤ ይህን ሳያደርግ የሚጀምር ሰው ካለ መኪናን አምኖ መስጠት አይገባም። ቀጥሎ የባትሪ መሙያ ያገናኛል፤ አዲሱ ትእዛዝ እየተጻፈ ሳለ የባትሪው ኃይል ቢወድቅ ኮምፒውተሩ ግማሹን አሮጌ ግማሹን አዲስ ይዞ ይቀርና መኪናው ከቆመበት አይነቃነቅምና። እ.ኤ.አ. በ2023 የደቡብ አፍሪካ የመብራት ፈረቃ እጅግ በከፋ ጊዜ፣ የጋራዥ ሰዎች ሥራቸውን የሚጀምሩት የፈረቃውን ሰዓት አይተው ነበር። ጽሑፉ ካለቀ በኋላ መኪናው በሦስተኛ ማርሽ፣ ነዳጅ መርገጫው እስከ ወለሉ ተረግጦ፣ ከ2,000 ዙር እስከ 6,000 ይነዳል፤ ኮምፒውተሩም በየቅጽበቱ የሆነውን ይመዘግባል።

«ስንት ፈረስ ጨመረ?» ይላል ባለመኪናው፣ በጎን ወንበር ተቀምጦ በጉጉት ወደ ስክሪኑ እያዘነበለ።

«ፈረሱ ይቈይህ ወንድሜ» ይላል ባለሙያው፤ «መጀመሪያ ሙቀቱንና ማንኳኳቱን እንይ።»

መልሱ ትክክል ነው። ከመዝገቡ ሦስት ዓምዶች ይመረመራሉ፦ የታዘዘው ግፊትና የተገኘው ግፊት ይስማማሉ ወይ፣ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ስንት ዲግሪ ደረሰ፣ ሞተሩስ ሲያንኳኳ ሰምቶ ኮምፒውተሩ ብልጭታውን በየሲሊንደሩ ስንት ዲግሪ አዘገየ። ማንኳኳት ማለት ቤንዚኑ በካንዴላው ከተለኰሰ በኋላ ገና እሳቱ ያልደረሰበት ክፍል ከሙቀትና ከግፊት የተነሣ በራሱ ፈንድቶ ፒስተኑን መምታቱ ነው፤ ሲደጋገም ፒስተን ይሰብራል፣ ቢዬላም ያጣምማል።

የደጋው ምሥጢር የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። አዲሱ ጽሑፍ በሲሊንደሩ መግቢያ 200 ኪሎፓስካል ይኑር ብሎ ቢያዝ፣ በደርባን ቱርቦው የውጭውን አየር ሁለት እጥፍ ያህል ቢጨምቅ ይበቃዋል፤ በአሌክሳንድራ 2.4 እጥፍ፣ 77 ኪሎፓስካል በማይሞላበት በአዲስ አበባ ደግሞ 2.6 እጥፍ መጭመቅ አለበት። ለዚህም መንኰራኵሯ ይበልጥ ፈጥና ትሽከረከራለች፣ የተጨመቀውም አየር ይበልጥ ይግላል። አውሮፓ ውስጥ በባሕር ጠለል ተፈትኖ «ምንም እክል የለውም» ተብሎ በኢንተርኔት የሚሸጥ ጽሑፍ፣ እኛ ዘንድ ሲመጣ የሞተሩን ሳይሆን የቱርቦውን ዕድሜ ይቈርጣል። በእኔ አስተያየት የአገሩን አየር በሚያውቅ ሰው እጅ የተጻፈ ከመቶ 15 ጭማሪ፣ ከሩቅ ከመጣ ከመቶ 30 ይሻላል።

ስለ ጭማሪው መጠንም ቢሆን በጆሃንስበርግ የማያልቅ ክርክር አለ። መኪናውን በሚሽከረከር በርሜል ላይ አቁሞ ጉልበቱን የሚለካው መሣሪያ፣ ውጤቱን ወደ ባሕር ጠለል የሚመልስ ማረሚያ አለው፤ በዚህ ከፍታ ማረሚያው ከመቶ 20 ገደማ ይጨምራል። ቱርቦ ለሌለው መኪና ይህ ፍትሐዊ ነው። ቱርቦው ግን የጐደለውን አየር አስቀድሞ ራሱ ሞልቶታልና፣ 200 የፈረስ ጉልበት የተለካበት መኪና በወረቀት ላይ 240 ተብሎ ሲወጣ አንድ ጊዜ የተከፈለ ዕዳ ሁለተኛ ይከፈላል። ባለመኪናው ወረቀቱን ፎቶ አንሥቶ ለወዳጆቹ ይልካል፤ ማረሚያው ተጨምሮ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ቤንዚኑም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በደቡብ አፍሪካ ደጋ 93 እና 95 ኦክቴን ሁለቱም ይሸጣሉ፤ በሳሳ አየር ቱርቦ የሌለው ሞተር ስለማያንኳኳ 93 ይበቃዋል፣ የተቃኘ ቱርቦ ግን 95 ካልተቀዳለት ኮምፒውተሩ ብልጭታውን እያዘገየ የተጨመረውን ጉልበት ይወስድበታል። ገንዘብ ከፍሎ ሞተሩን ካስቃኘ በኋላ በሊትር ጥቂት ሳንቲም ለማትረፍ 93 የሚቀዳ ሰው በእውነቱ አስገራሚ ፍጡር ነው።

በተሰወረ ጽሑፍ ነገርን መለወጥ ደግሞ የጋራዥ ሰዎች ብቻ ግብር አለመሆኑ እ.ኤ.አ. በ2015 ታይቷል፤ ያን ጊዜ ፎልክስዋገን ራሱ በ11 ሚሊዮን ያህል የናፍጣ መኪናዎች ውስጥ የጢስ ምርመራን የሚያሳስት ሶፍትዌር ማኖሩ ተገለጠ። ዛሬ ግን የዚያው ፋብሪካ ወኪሎች የባለመኪናው ሶፍትዌር እንደ ተለወጠ ካወቁ መኪናውን በመዝገባቸው ላይ ምልክት ያደርጉበትና ዋስትናው ሊቀር ይችላል። ለመድን ድርጅቱ ሳይነገር የተቃኘ መኪናም ቢጋጭ ካሳው ሊከለከል ይችላል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ ቢከለክልም፣ አስቀድመው የገቡት ባለ ናፍጣ ቱርቦ መኪናዎች ገና ብዙ ዘመን ይሠራሉ። ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ የጭነት መኪና ከባሕር ጠለል እስከ 2,300 ሜትር በአንድ ጉዞ ስለሚያልፍ፣ በዚያ መኪና ላይ ጉልበት መጨመር የሚሻ ሰው ጽሑፉን በሁለቱም ጫፍ ሳያስፈትን መርካት የለበትም። በደቡብ አፍሪካ ያገለገለ ጂቲአይ ለመግዛት ለሚያስብ ወገን ደግሞ የሚበጀው፣ ሻጩ ለሽያጩ ሲል የፋብሪካውን ጽሑፍ መልሶበት ሊሆን ስለሚችል፣ በወኪሉ ዘንድ ምልክት እንዳለበትና እንደሌለበት አስጠይቆ፣ የቱርቦውን ዘንግ በእጅ አነቃንቆ፣ የካንዴላዎቹንም ጫፍ አስፈትቶ አይቶ መዋዋል ነው፤ የቀለጠ የካንዴላ ጫፍ ከሻጩ ቃል ይልቅ ስለ መኪናው ያለፈ ኑሮ ብዙ ይናገራል።