ጭንቅላቱ የተበላ የዘይት ማፍሰሻ ብሎን አፈታት

ካርቱም ጋራዥ ለምትሠሩ ወገኖቼ፦ ጊያድ ፋብሪካ ይገጣጠም የነበረው ሂዩንዳይ አክሰንት ብዙ እጅ ስለሚነካው የማፍሰሻው ብሎን ጭንቅላት ተበልቶ ይመጣል። ትክክለኛ ልኩ 17 ነው። እባካችሁ በፒንሳ አትታገሉት፤ የቀረውንም ጠርዝ ይጨርሰዋል።

መኪናዋን በክሪክ ብቻ አትመኑ፣ መደገፊያ አስገቡ። ሞተሩ ይብረድ፤ በ40 ዲግሪ ሙቀት ብዙ ቢያስጠብቅም የፈላ ዘይት እጅ ላይ ከሚፈስ ይሻላል። ባለ ስድስት ጎን የ16 ቡሶላ በመዶሻ መትታችሁ አጥልቁበት፤ እጀታው መዞሪያ ካጣ ማራዘሚያ ጨምሩ።

እምቢ ካለ ዘይቱን በመለኪያው ዘንግ ቀዳዳ መጥጣችሁ አውጡ፣ ባትሪውን ፍቱ፣ አካባቢውን ጥረጉና ዳዶ በላዩ አስበይዱ። ብዙ ጊዜ የብየዳው ሙቀት ራሱ ያላቅቀዋል።

አዲሱን ብሎን ከአዲስ ሮንዴላ ጋር መጀመሪያ በጣት አስገቡ፤ ማጥበቂያው 40 ኒውተን ሜትር ገደማ ይበቃዋል።