ዋሽንግተን፦ መሄጃው ረጅም፣ መመለሻው አጭር

ከቦሌ ተነስቶ ዋሽንግተን ደለስ የሚያርፍ መንገደኛና ከደለስ ተነስቶ ቦሌ የሚገባ መንገደኛ የሚለያያቸው ርቀት አንድ ነው፤ በቀጥታ መስመር 11 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር ያህል። የሚፈጅባቸው ጊዜ ግን ይለያያል። መመለሻው ያለ ማቋረጥ 13 ሰዓት አካባቢ ሲወስድ፣ መሄጃው በመንገድ ላይ ማረፍ ስላለበት 16 ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈጃል።

ዋነኛው ምክንያት ቦሌ ራሱ ነው። ማረፊያው ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 334 ሜትር ከፍታ ላይ በመሆኑ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። በሳሳ አየር የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል፤ ክንፉም አይሮፕላኑን ለማንሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ስለዚህ ለረጅም ጉዞ የሚበቃ ነዳጅ፣ ሙሉ መንገደኛና ሙሉ ጭነት አንድ ላይ ይዞ መነሳት ያስቸግራል። የደለስ ከፍታ ግን 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። በዚህ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የከፍታ ነፋስ ሂያጁን ከፊት ይገታዋል፤ ተመላሹን ከኋላ ይገፋዋል።

ጉዳዩ ነጋዴውን የሚነካው እዚህ ላይ ነው። የመነሻ ክብደት በተወሰነበት ማረፊያ አንድ ኪሎ ነዳጅ ሲጨመር ዋጋ የሚከፈልበት አንድ ኪሎ ዕቃ መሬት ይቀራል። አይሮፕላኑ መንገድ ላይ ነዳጅ ባይቀዳ ኖሮ ለአሜሪካ ገበያ የሚላከው እንጀራና በርበሬ ቦታ ያጣ ነበር። በርበሬው ቢቆይም እንጀራው ቀን አይሰጥም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1998 ወደ ዋሽንግተን መብረር ከጀመረ ወዲህ በተለያዩ ዓመታት በሮም፣ በደብሊንና በሎሜ በኩል ተጉዟል። ደብሊን ከቀጥታው መስመር ብዙም ስለማትርቅ የምትጨምረው 300 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ሎሜ ግን 1 ሺህ 200 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ማለትም ከአንድ ሰዓት በላይ በረራ ትጨምራለች። ይህን ኪሳራ የሚያካክሰው ገበያው ነው። የአየር መንገዱ ሸሪክ የሆነው አስካይ መቀመጫውን ሎሜ አድርጎ የምዕራብ አፍሪካን መንገደኞች ስለሚሰበስብ፣ የረዘመው መንገድ ተጨማሪ ወንበር ይሸጣል።

ትኬት ገዢ ሰዓቱን ሲያነብ ሊጠነቀቅ ይገባል። በትኬት ላይ 22:00 ተብሎ የሚጻፈው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ዋሽንግተን በበጋቸው ከአዲስ አበባ 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። በበጋቸው ከምሽቱ 4 ሰዓት ተነስቶ በማግሥቱ በዋሽንግተን ሰዓት ጠዋት 2 ሰዓት የሚደርስ ሰው 10 ሰዓት የበረረ ይመስለዋል፤ 7ቱ ሲደመርበት ጉዞው 17 ሰዓት ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2024 የዲዛይን ውል የተፈረመለት የቢሾፍቱ አዲስ አይሮፕላን ማረፊያ ከቦሌ ዝቅ ባለ ከፍታ ላይ የሚሠራ ነው። አይሮፕላን ከዚያ ሲነሳ ከቦሌ የበለጠ ክብደት መያዝ ይችላል። ዋሽንግተን በዚያ አትቀርብም፤ የላኪው ዕቃ ግን ለነዳጁ ቦታ የሚለቅበት ጊዜ ይቀንሳል።